የሚዛን ቁጥር እንዴት ይበራል?

እህል ይዘን ገበያ ስንወርድ ብዙ ዓይነት ሚዛን እናያለን። ብረት እየተቀመጠበት የሚመዝን አለ። ቀስቱ እየዞረ የሚያሳይ አለ። በቀይ መብራት ቁጥር የሚጽፍም አለ። ቁጥር ስለተማርን በመብራት የተጻፈውን ራሳችን እናነባለን። ነገር ግን መብራቱ ራሱ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። ለመሆኑ መብራት ቁጥር የሚጽፈው እንዴት ነው? ሲሳሳትስ በምን እናውቃለን?

መልሱን ለማግኘት ሰባት ስንጥር እንያዝ። አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከመሀል፣ አንዱን ከታች እናጋድም። ሁለቱን በቀኝ፣ ሁለቱን በግራ እናቁም። 8 ቁጥር ሆነ። የመሀሉን ብናነሳ 0 ይሆናል። እሱን መልሰን በግራ በኩል የታችኛውን ብናነሳ 9 ይሆናል። ከ0 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ከነዚሁ ሰባት ስንጥሮች ይወጣሉ።

ሚዛኑም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በስንጥር ፋንታ ሰባት ትናንሽ መብራቶች አሉት። ስምንተኛው መብራት ነጥብ ያሳያል። እነዚህ መብራቶች ኤል.ኢ.ዲ. ይባላሉ። ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ኤል.ኢ.ዲ. በ1962 እ.ኤ.አ. የሠራው ኒክ ሆሎንያክ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ኤል.ኢ.ዲ. ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

አራት ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ 32 መብራቶች አሉት። ለያንዳንዱ መብራት የራሱ ሽቦ ይዘርጋለት ቢባል 32 ሽቦና አንድ የጋራ መመለሻ ያስፈልግ ነበር። ባለሙያዎች ግን በ12 ሽቦ ይጨርሱታል። ነገሩ እንደ መስኖ ውሃ ተራ ነው። አንድ ቦይ አራት ማሳ ያጠጣል፤ ውሃው የሚገባው ግን ተራው ለደረሰው ማሳ ብቻ ነው። በሰሌዳውም 8ቱ ሽቦዎች እንደ ቦዩ ለአራቱም ቁጥሮች የጋራ ናቸው። የቀሩት 4 ሽቦዎች ተራ የሚሰጡ በሮች ናቸው። የመጀመሪያው በር ሲከፈት የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ይበራል። እሱ ጠፍቶ ሁለተኛው ይበራል። እንዲህ እያለ ይዞራል።

ታዲያ አራቱም ባንድ ላይ በርተው የምናያቸው ለምንድን ነው? ተራው በጣም ስለሚፈጥን ነው። ልጆች በጨለማ ጫፉ የጋመ እንጨት ሲያሽከረክሩ የእሳት ቀለበት ይታየን የለም? ዓይናችን ፍጥነቱን አይከተልም። የሰሌዳው ተራም እንዲሁ ያታልለናል።

ከ12ቱ ሽቦዎች የትኛው የምን እንደሆነ ካልታወቀ የሬዲዮ ጠጋኝ በሙከራ ይለየዋል። ሰሌዳውን ከሚዛኑ ያወጣል። ሁለት የባትሪ ድንጋይ ያያይዝና በመሀል 220 ኦም ሬዚስተር ያስገባል። ሬዚስተር ኤሌክትሪክ እንዳይበዛ የሚገታ ትንሽ ዕቃ ነው። ከዚያ አንዱን ጫፍ በአንድ እግር ላይ ይዞ በሌላው ጫፍ የቀሩትን እግሮች አንድ በአንድ ይነካል። ምንም ካልበራ ጫፎቹን ያለዋውጣል። በየንኪው የአንዱ ቁጥር ልዩ ልዩ መብራቶች ከበሩ የያዘው እግር በር ነው። የአራቱም ቁጥሮች አንድ ዓይነት ቦታ ከበራ ደግሞ የያዘው እግር የጋራው ሽቦ ነው። ያየውን ሁሉ በወረቀት ይጽፋል። ካልጻፈ ይምታታበታል። በግድግዳ ኤሌክትሪክ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሰው ይገድላል።

ይህ ለኛ ምን ይጠቅማል? በስንጥሮቻችን 98 እንጻፍ። ከሁለቱም ቁጥሮች የቀኙን የላይኛውን ስንጥር እናንሳ። 56 ሆነ! አንድ የጋራ ሽቦ ቢበጠስ 98 ኪሎ ጤፍ 56 ኪሎ ሆኖ ይነበባል። 42 ኪሎ ጠፋ ማለት ነው። ሚዛነኛው ሌባ ላይሆን ይችላል፤ የተበጠሰው ሽቦ ነው። ኪሳራው ግን የኛው ነው።

እንግዲህ ሚዛኑ ሲከፈት ቆመን እንይ። ብዙዎቹ ሚዛኖች ያን ጊዜ ሁሉንም 8 ያሳያሉ፤ ወይም ከ0 እስከ 9 ይቆጥራሉ። በሁሉም 8 ላይ አንድ ዓይነት ቦታ ከጎደለ የጋራው ሽቦ ተበላሽቷል። አንዱ ቁጥር በሙሉ ከጠፋ በሩ ተበላሽቷል። በአንዱ ቁጥር ላይ አንድ ቦታ ብቻ ከጎደለ መብራቱ ሞቷል።

ከተጠራጠርን ባዶ ጀሪካን እናስመዝን። ከዚያ 20 ሊትር ውሃ ሞልተን መልሰን እናስመዝን። ልዩነቱ 20 ኪሎ ያህል መሆን አለበት። ካልሆነ እህላችንን ከዚያ ሚዛን እናውርድ። ቁጥር ማንበብ ጥሩ ነው፤ የምናነበውን ቁጥር መመርመር ደግሞ ከኪሳራ ያድናል።