በመስቀለኛ መንገድ ላይ ቅድሚያ የማን ነው?

መኪናና ቢስክሌት በአንድ ጎዳና ላይ ሲሄዱ ጠባቸው የሚበረታው በመስቀለኛው መንገድ ላይ ነው። በቀጥታው ጎዳና ጎን ለጎን ስለሚሄዱ አንዱ ሌላውን እስከዚህም አያውከውም። ከማእዘኑ ሲደርሱ ግን አንደኛው ሊታጠፍ፥ ሌላው ቀጥ ብሎ ሊያልፍ ይፈልጋልና መንገዳቸው ይቆራረጣል። ያን ጊዜ ባለመኪናው በመስኮት ብቅ ብሎ «ዐይን የለህም?» ይላል፤ ባለቢስክሌቱም «አንተስ ፍሬን የለህም?» ሲል ይመልሳል። ነገሩ በስድብ ብቻ ካበቃ ሁለቱም ዕድለኞች ናቸው።

የሁለቱንም አቤቱታ ብናዳምጥ ከሁለቱም ዘንድ እውነት አናጣም። ባለመኪናው፥ «ባለቢስክሌት ቀይ መብራት አያከብርም፤ ከየት እንደሚመጣም አይታወቅም» ይላል። ባለቢስክሌቱ ደግሞ፥ «ባለመኪና እያየኝ ይታጠፍብኛል» ሲል ይከሳል።

ስለ ፊተኛው ክስ፥ ቢስክሌት የሚሄደው በእግር ጉልበት ነውና ቆሞ እንደገና መነሣት እንደሚያደክም መዘንጋት አይገባም። በአሜሪካ የአይዳሆ ግዛት ይህን ተመልክቶ፥ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ባወጣው ሕግ፥ «ቁም» የሚል ምልክት ባለበት ስፍራ ባለቢስክሌት ፍጥነቱን ቀንሶ፥ ቅድሚያ የሚገባው ሌላ መጪ ከሌለ ሳይቆም እንዲያልፍ ፈቅዷል። ይህ ግን ሕግ ሲፈቅድ የሚደረግ ነው እንጂ እያንዳንዱ በገዛ ፈቃዱ የሚወስደው መብት አይደለም።

ሁለተኛው ክስ ከዚህ ይከብዳል። የቢስክሌት አገር የምትባለው ሆላንድ እንኳ፥ ምልክት በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ከቀኝ የሚመጣ ባለቢስክሌት ከመኪና በፊት እንዲያልፍ የደነገገችው በዚሁ አቆጣጠር ከሜይ 1 ቀን 2001 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ባለቢስክሌቱ ለመኪናው ይቆም ነበር። ብሪታንያም በ2022 የመንገድ ደንቧን ስታሻሽል፥ የሚታጠፍ መኪና ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ባለቢስክሌት እንዳያቋርጠው በግልጽ ጻፈች። የመኪናው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ በዚህ ግጭት የመኪናው ቀለም ሲላጥ የባለቢስክሌቱ ሕይወት ያልፋል። ስለዚህ ከባዱ ለቀላሉ እንዲጠነቀቅ መታዘዙ ተገቢ ነው።

ሆኖም ሕግ ብቻውን አይበቃም። በፊንላንድ አገር ተመራማሪዎች የነጂዎችን የራስ እንቅስቃሴ በፊልም ቀርጸው በ1996 ባወጡት ጥናት፥ ወደ ቀኝ የሚታጠፉ ነጂዎች መኪና የሚመጣበትን ግራቸውን ሲመለከቱ፥ ቢስክሌት የሚመጣበትን ቀኛቸውን ሳያዩ እንደሚቀሩ ተገኝቷል። ፍጥነት የሚቀንስ አሠራር በመንገዱ ላይ ሲደረግ ግን ወደ ቀኝ መመልከትን አበዙ። እንግዲህ «እያየኝ» የሚለው ክስ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ነጂው ጭራሹን አላየውም።

ይህ ጉዳይ ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። ባሕር ዳርና ሐዋሳ በቢስክሌት የታወቁ ከተሞች ናቸው። በአዲስ አበባም በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ በብዙ ጎዳናዎች ዳር የቢስክሌት መንገድ ተሠርቷል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ መንገዱ የሚፈተነው ግን ከማእዘኑ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የመንገድ ፕላን የሚያዘጋጁና የሚያጸድቁ ወጣት ባለሥልጣኖች፥ መኪናው ሳይወድ በግድ ቀስ ብሎ የሚታጠፍበትን ማእዘን እንዲያስቡልን እንለምናለን።

እስከዚያው ድረስ መሪ የጨበጠ ሰው ከመታጠፉ በፊት የቀኝ መስተዋቱን ይመልከት። ቢስክሌት የሚነዳው ተማሪም ሊታጠፍ በተዘጋጀ ከባድ መኪና ጎን አይቁም፤ ነጂው ከዚያ ስፍራ አያየውምና። ሲመሽም መብራት ይያዝ። ቅድሚያ የእኔ ነው ብሎ ከመሞት ቅድሚያውን ለቅቆ ማለፍ ይሻላል፤ ጥቂት ሰኮንድ ዘግይቶ ቢሮ ወይም ትምህርት ቤት መግባትም የሚያሳፍር አይደለም።