«ላልተወሰነ ጊዜ» በየትኛው ካላንደር ላይ ነው ያለው?

ዛሬ ስለ ደረሰኝ አቆራረጥ ልጽፍላችሁ ቃል ገብቼ ነበር፤ እሱ ይቆየን። ጠዋት ያየሁት ነገር ሲያንገበግበኝ ስለዋለ እሱን ሳልተነፍስ እንቅልፍ አይወስደኝም። በስልክ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት እለፉኝ።

እንደምታውቁት እዚህ ማክሰኝት የራሳቸው የሒሳብ ሠራተኛ ለሌላቸው አምስት ስድስት ቤቶች ፔሮል እሠራለሁ። ዛሬ የመስከረምን ላስፈርም ወደ አንዱ ጎራ አልኩ። (ስም አልጠራም። እንጀራዬ ነው።) የሌሊት ጥበቃው ጋሼ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ስልካቸውን ዘርግተው በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ እስቲ ይችን አንብብልኝ። 6,000 ገባ ይላሉ። የኔ ከዚህ ወር ነው ከሚቀጥለው?»

አነበብኩት። «ሰበር ዜና! በኢትዮጵያ ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል 6,000 ብር ሆነ! ሼር!» ይላል፤ ሦስት የእሳት ምልክት ተደርድሮበታል። በብብቴ የያዝኩት ፔሮል ላይ የሳቸው መስመር 1,800 ብር ነው የሚለው።

«አይ ጋሼ፣ የርስዎ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?» አሉና ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አልጽፍም ነበር። ቢሮ ስገባ ግን ዓይኔ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አረፈ። «እጃችንን በሳሙና እንታጠብ» ከሚለው የኮሮና ጊዜ ፖስተር ሥር አንዲት ወረቀት አለች። ፕላስተሯ ቢጫ ሆኗል፣ ማኅተሟ ደብዝዟል። እንዲህ ትላለች፦ በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት በየዓመቱ ሐምሌ ወር ላይ የሚካሄደው የደመወዝ ማሻሻያ ግምገማ ላልተወሰነ ጊዜ የተራዘመ መሆኑን እናስታውቃለን። ዓመተ ምሕረቱ 2012። ዛሬ 2018 ነው። ስድስት ሐምሌ አልፏል፤ ወረቀቷ ግን ሥራ ላይ ናት!

ስለዚህ በቁጥር በቁጥር እንነጋገር።

1ኛ፦ 6,000 ብሩ የመንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ ስኬል መነሻ ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ከ4,760 ወደ 6,000 ከፍ አለ። የዲግሪ ጀማሪው ከ6,940 ወደ 11,500። 4,760ው ራሱ ባለፈው ዓመት ከ1,100 የተነሣ ነው። መንግሥት አሠሪ እንደ መሆኑ ለራሱ ሠራተኛ የከፈለው ደመወዝ ነው እንጂ ለግል ድርጅት የተደነገገ ወለል አይደለም። ሆቴል፣ ወፍጮ ቤት፣ ክሊኒክ፣ የግል ትምህርት ቤት የሚሠራ ሰው በዚህ ቁጥር አይገዛም። ሼር ያደረጋችሁ ሰዎች፣ አንድ ሽማግሌ ሌሊቱን ሙሉ ተስፋ አድርገው እንዳደሩ እወቁት። አጥፉት።

2ኛ፦ «ታዲያ የግል ድርጅት ወለሉ ስንት ነው?» የለም። ዜሮም አይደለም፤ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ የደመወዝ ቦርድ የሚባል ነገር ተጽፏል። መንግሥት፣ ሠራተኛና ሌሎች ባለድርሻዎች ተቀምጠው፣ የአገሪቱን ኢኮኖሚና የሥራ ገበያውን አጥንተው፣ ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው ይከልሳሉ ይላል። ሥልጣኑን ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ይላል። ደንቡ እስካሁን አልወጣም። ደንብ ከሌለ ቦርድ የለም፤ ቦርድ ከሌለ ወለል የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ከሱ በፊት የነበረው አዋጅ 377/96 ላሟንም አልጠራትም ነበር፤ ስለዚህ 1156 ሲወጣ ደስ ብሎን ነበር። በዚያው 2011 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ሰፊዎች መነሻ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፈው፣ በዓለም የልብስ ምርት ውስጥ ዝቅተኛው ነው ብለው ነበር። የዚያን ጊዜ 26 ዶላር 750 ብር ገደማ ነው። ያ ጉድ በታየበት ዓመት ሕጉ ስለወጣ ነገሩ ይፈጥናል ብለን አመንን።

3ኛ፦ ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። «ቦርዱን ኮሮና ነው ያዘገየው» የምትሉኝ ሰዎች አላችሁ። ከተማሩ ሰዎች አፍ ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። እስቲ ቀን እንቁጠር፤ ሥራዬም ቀን መቁጠር ነው። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው ነሐሴ 30 ቀን 2011 ነው። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012። በመካከሉ ስድስት ወር ከአሥር ቀን አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተያዘ ቀጠሮ ነበር? አልነበረም። ያልተያዘ ቀጠሮ እንዴት ይራዘማል? ወረርሽኙ ያራዘመው ነገር የለም፤ ያልተጀመረውን ነገር መሸፈኛ ጋቢ ሆነ እንጂ።

ደግሞ ማራዘም ስንፈልግ እንዴት እንደሚራዘም እናውቃለን። ምርጫው ነሐሴ 23 ቀን 2012 ነበር የተቆረጠው። ኮሮና ሲመጣ ምርጫ ቦርድ በቀኑ ማካሄድ አልችልም አለ፣ ነገሩ ፓርላማ ገባ፣ የሕገ መንግሥት ትርጉም ተጠየቀበት፣ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ወሰነ፤ መጨረሻ ላይ ሰኔ 14 ቀን 2013 ድምፅ ተሰጠ። ወደድነውም ጠላነውም የተወሰደ ቀን በሌላ ቀን ተተካ። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ወደ 2013 ተሸጋገረ፤ ልጆቹ ግን ተፈተኑ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ ቁጥር 466/2012 ሠራተኛን እንደልብ ማሰናበት ተከለከለ፣ ተከራይ ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ተከለከለ። አዋጁ የወጣው መጋቢት 30 ነው፤ የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ ወር ሳይሞላ! ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

ለአሠሪዎችም ልፍረድ። በ2012 ሚያዝያና ግንቦት የነበረውን አልረሳሁም። መኪና ግማሽ ሰው ጭኖ በእጥፍ ታሪፍ ነበር የሚሄደው። ጎንደር ፋሲል ግቢ ደጃፍ ላይ አንድ ፈረንጅ አይታይም ነበር። መንገደኛ ሲጠፋ የኛ የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ምጣዳቸው ቀዘቀዘ። የዚያን ሐምሌ «ዘንድሮ መጨመር አልችልም» ያለ አሠሪ አልዋሸም። እኔ ራሴ ፔሮሉን ስለሠራሁት አውቃለሁ፤ ገቢው የለም። የደመወዝ ግምገማን በወረርሽኝ ጊዜ ማሸጋገር ነውር የለበትም፤ አንዳንዴም ግድ ነው።

ነውሩ «ላልተወሰነ ጊዜ» የምትለው ሐረግ ናት።

አውስትራሊያኖች ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። እነሱ በየዓመቱ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚገመግም ኮሚሽን አላቸው። ኮሮናው በጋለበት ጊዜ አሠሪዎች «ዘንድሮ ይቅር» አሉ፣ የሠራተኛ ማኅበራት «አይቀርም» አሉ። ኮሚሽኑ ሰኔ 12 ቀን 2012 በኛ አቆጣጠር ወሰነ፦ ጭማሪው 1.75 በመቶ፣ የሚጀምርበት ቀን ግን ሦስት ቦታ ይከፈል። ለጤናና ለመሰል አስፈላጊ ሥራዎች ከሰኔ 24። ለፋብሪካና ለግንባታ ከጥቅምት 22 ቀን 2013። ክፉኛ ለተመቱት ለሆቴል፣ ለችርቻሮ፣ ለቱሪዝም ከጥር 24። አያችሁ? የተጎዳውን አሠሪ ሰባት ወር ታገሡት፤ ቀኑን ግን በወረቀት አሰሩት። የሆቴል አስተናጋጇ «ጥር 24» ብላ ግድግዳዋ ላይ መጻፍ ትችላለች። የኛዋ ምን ትጽፋለች?

ኬንያም እንደ ሀብታም አገር አልሮጠችም። በ2010 ጨምራ እስከ ሚያዝያ 2014 ዝም አለች፤ ከዚያ በሠራተኞች ቀን 12 በመቶ አወጀች። ዘግይታለች። ግን የምትጨምርበት ወለል ነበራት።

የኛስ በዓል? ሚያዝያ 23 በመጣ ቁጥር የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ ኢሠማኮ የደመወዝ ቦርዱ ይቋቋም ይላል፤ ጥያቄው ከዓመት ዓመት ያው ነው። መልሱም ያው ነው፦ «ጥናት ላይ ነው»። በ2014 ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ የነበረው መሥሪያ ቤት ተከፍሎ የሠራተኛው ጉዳይ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄደ። በመሃል ጦርነት መጣ፣ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ተለቀቀ። ጥናቱ ግን ጥናት ነው። የሚጠናው ነገር እኮ ቆሞ አይጠብቅም! በ2012 ዋጋ የተጀመረ ጥናት በ2018 ሲያልቅ ስለ ሌላ አገር ነው የሚያወራው። አንድ ቢሮ (እሱንም አልጠራም) ባለፈው ዓመት «ለደመወዝ ወለል ጥናት የሚረዳ» ብሎ ቅጽ በተነልን፤ ሞልቼ አስረከብኩ። ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ቅጽ እንደገና ላኩልኝ። የመጀመሪያው የት ሄደ ስል «ፋይሉ ያለው ልጅ ተዛውሯል» ተባልኩ። የሞላሁት ሁለት ገጽ ነበር፤ በጥቁር እስክሪብቶ።

ስንተኛ ላይ ነበርኩ? 4ኛ ይሁን። የጋሼን መስመር ላሳያችሁ፤ ሰው ያለ ቁጥር አያምንም።

ደመወዝ 1,800። የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ 126። በድሮው ሠንጠረዥ የሥራ ግብር 127.50። እጃቸው ላይ የሚደርሰው 1,546.50። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ አዲሱ የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነውን ጣሪያ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳደገው። ስለዚህ ግብራቸው ዜሮ ሆነ፣ እጃቸው ላይ 1,674 ደረሰ። የሐምሌን ሲቀበሉ ሁለት ጊዜ ቆጠሩት። ከዚያ ተነሥተው ወደ ባለቤቱ ሄዱና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጨመሩልኝ» ብለው መረቁት። ባለቤቱም «አሜን» አለ። እኔም ቆሜ ነበር፤ እኔም ዝም አልኩ። ያቺ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

ሌላ ስሌት። ጋሼ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው የሚያድሩት፤ 12 ሰዓት። የዕረፍት ቀን የላቸውም፤ 30 ሌሊት። 360 ሰዓት። 1,800 ለ360 ሲካፈል በሰዓት 5 ብር። ማክሰኝት ላይ በ5 ብር ሻይ የሚቀዳ ቤት ካለ አድራሻውን ላኩልኝ።

እና እዚህ ላይ የወለሉን ነገር ትታችሁ የሚቀጥለውን ስሙ፤ ይሄ ምንም ቦርድ የማያስፈልገው ሕግ ነው። መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ትርፍ ሰዓት ነው፤ ቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል። ያውም በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ስለዚህ «ወለል የለም» ማለት «ሕግ የለም» ማለት አይደለም። 6,000 ገባ የሚለውን ውሸት ሼር ከማድረግ ይህችን አንቀጽ ሼር ብታደርጉ ስንት ሰው በተጠቀመ።

«ማኅበር ይመሥርቱና ይደራደሩ» የምትሉኝ፦ ማኅበር የሚመሠረተው ሠራተኛው 10 እና ከዚያ በላይ በሆነበት ድርጅት ነው። የኔ ደንበኞች አራት፣ ስድስት፣ ሰባት ሠራተኛ ነው ያላቸው። የትናንሽ ድርጅት ሠራተኞች ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም እንደሚችሉ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ግን ጥበቃና ጽዳት ሠራተኛ፣ አንዱ ሌሊት አንዷ ንጋት የምትሠራ፣ መቼና የት ተገናኝተው ነው? ወለል የሚያስፈልገው ለነዚህ ነው፤ ተደራዳሪ ለሌለው ሰው። ለቤት ሠራተኞችማ 1156ም ራሱ በሩን ዘግቶባቸዋል፤ እሱን ሌላ ቀን።

ለአሠሪዎች አንድ ምክር፣ በነፃ። ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ የደመወዝ ግምገማ ማሸጋገር ቢኖርባችሁ ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ የማን ግምገማ እንደሆነ፣ ከየትኛው ቀን ወደ የትኛው ቀን እንደተዛወረ፣ በዚያ ቀን ምን እንደሚታይ፣ ሲወሰን ወደ ኋላ ይታሰብ ወይ አይታሰብ። ቀኑ ሲደርስ አሁንም ካልቻላችሁ ሌላ ቀን ቁረጡ። ፍርድ ቤት እንኳ ነገር ሲያዘገይ «ለጥቅምት 12 ተቀጥሯል» ይላል እንጂ «ላልተወሰነ ጊዜ» ብሎ አያሰናብትም።

ለማንኛውም ዛሬ ካስፈረምኩ በኋላ ሥራ አስኪያጁን ይዤ ሰሌዳው ፊት አቆምኩት። አነበበና ሳቀ። «ይሄ እስካሁን አለ እንዴ? እናየዋለን በለው።»

«መቼ?» አልኩት።

«እናየዋለን አልኩህ እኮ።»

ወረቀቷን አልነቀለም። እኔም አልነቀልኩም፤ የኔ ማኅተም አይደለም። ጋሼንም ጠርቼ የሐምሌዋ 127.50 ከግብር ሕጉ የመጣች እንጂ ከባለቤቱ እንዳልሆነች ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ምርቃቱንማ አልመልሰውም» አሉኝ።

የጥቅምትን ፔሮል ጥቅምት 30 አስፈርማለሁ። የትርፍ ሰዓቱን ስሌት ለብቻ ወረቀት ላይ ሠርቼ ይዤ እሄዳለሁ፣ የሐምሌውን ግምገማም ቀን እጠይቃለሁ። ምን እንዳሉኝ እዚሁ እጽፋለሁ። ጥቅምት 30 ብያለሁ፤ ካልጻፍኩ ጠይቁኝ።