ጀበና የሚችል ረከቦት

ኪርያት ጋት ቤተ እስራኤሎች በብዛት ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ ናት። በሰሜኗ በተሠራው አዲስ ሰፈር፣ በካርሜ ጋትም፣ ቡና የሚፈላበት ቤት ረከቦት አያጣም። አሮጌውን ረከቦት ፍቆ እንደ መስታወት ሊያበራው የሚሻ ሰው ቀለም መሸጫ ሲገባ ግን ቆርቆሮው ሁሉ «አንጸባራቂ» ይለዋል። የትኛው እንደሚበጅ የሚታወቀው ጀበናው ሲቀመጥበት ነው።

ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ኤፖክሲ ላይ ነው። ሙጫውና ማጠንከሪያው ለየብቻ ይመጣሉ፤ አምራቹ ባዘዘው ልክ ካልተቀላቀሉ ልባሱ እንደተጣበቀ ይቀራል። በብሩሽ አይደረብም፣ ይፈስሳል፤ ራሱን አስተካክሎም ይተኛል። በ3 ሚሊሜትር ውፍረት ለአንድ ካሬ ሜትር 3 ሊትር ይፈጃል፤ 40 በ50 ሴንቲሜትር ለሆነ ረከቦት ከግማሽ ሊትር ትንሽ በለጥ ቢል ነው። እንጨቱ አስቀድሞ ስስ ቅብ ካልጠጣ ከውስጡ የሚወጣው አየር አረፋ ሆኖ ይደርቃል። የተቀላቀለውንም ጣሳ ውስጥ ማቆየት አያዋጣም፤ ሲጠነክር ሙቀት ስለሚያመነጭ ብዙ ከሆነ ይጨሳል። ማጠንከሪያው ቆዳ ስለሚያስቆጣ ያለ ጓንት አይነካም።

ውበቱን ማን ይክዳል? ነገር ግን ብዙዎቹ የጠረጴዛ ኤፖክሲዎች ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራሉ። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው፤ ዝቅ ባለችው ኪርያት ጋት ግን ወደ 100 ይጠጋል። ጀበናው እዚህ ይብሳል ማለት ነው። ማቶት አለ ይባል ይሆናል፤ እንግዳ ሲበዛ መረሳቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የጀበናው ቂጥ ክብ ምልክቱን ትቶ ይነሳል። በረንዳ ላይ የሚውል ረከቦት ከሆነ ደግሞ ፀሐይ ኤፖክሲውን ቢጫ ታደርገዋለች።

ከነፍሳት ሙጫ የሚሠራው ሼላክ የድሮ የቤት ዕቃ ክብር ነው፤ ይሁንና አልኮል ያሟሟዋል። አረቄ በሚቀዳበት ቤት አልመክረውም።

ለረከቦት የምመርጠው ፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ነው። ሙቀትን ከኤፖክሲ ይልቅ ይችላል፤ ያም ሆኖ ማቶቱን አያስቀርም። ውፍረቱ በአንድ ቀን አይመጣም፤ በስሱ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ፣ አቧራው ተጠርጎ እንደገና ይቀባል፤ አምስት ስድስት ጊዜ። ደብዛዛው ዓይነት ለድርብርብ አይሆንም፤ ብርሃኑን የሚሰብረው ዱቄት ሲከማች የእንጨቱን መልክ ይጋርዳል። በዘይት የተሠራው ወርቃማ ቃና ስላለው ለዋንዛ ያምርበታል፤ ነጣ ላለ እንጨት በውሃ የተሠራው ይሻላል። ሲነኩት ደረቀ ተብሎም ጀበና አይጫንበትም፤ ውስጡ እስኪጠነክር ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋል።

በዘይቱ ቫርኒሽ የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ቆሻሻ ውስጥ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል። ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ አፓርታማ ላይ ቦታ ከጠፋ ውሃ በሞላ የብረት ጣሳ ተነክሮ ይከደን።