የግሪዝሊ ድብ ግልገሎችን ፎቶግራፍ ማንሳት

የግሪዝሊ ድብ ግልገሎችን ፎቶግራፍ ማንሳት ከዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ዘርፎች እጅግ ተወዳጅ፣ አደጋም ያለበት ሥራ ነው። በአሜሪካ የሎውስቶንና ግራንድ ቲተን ብሔራዊ ፓርኮች በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ብዙ ፎቶ አንሺዎች መንገድ ዳር ቆመው እናቲቱ ግልገሎቿን ይዛ እስክትታይ ይጠብቃሉ።

ግልገሎቹ የሚወለዱት በጥር ወር አካባቢ፣ እናታቸው የበረዶውን ወራት ተኝታ በምታሳልፍበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሲወለዱ ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናሉ፤ ዓይናቸውም አልተገለጠም። ከእናታቸው ጋር ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ስለዚህ ብቻውን የታየ ግልገል ብቻውን ነው ማለት አይደለም፤ እናቲቱ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ አልፎ ተርፎም ከፎቶ አንሺው ጀርባ ልትሆን ትችላለች። ጥቁር ድብ ስትደነግጥ ብዙውን ጊዜ ግልገሎቿን ዛፍ ላይ ታስወጣለች፤ ግሪዝሊ ግን የቀረባትን ልታጠቃ ትችላለች።

ርቀትና መሣሪያ

በየሎውስቶን ማንም ሰው ከድብ ቢያንስ 100 ያርድ (91 ሜትር) መራቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2021 ሌሎች ጎብኚዎች ወደ መኪናቸው ሲመለሱ አንዲት ሴት ሦስት ግልገሎች ያሏትን ግሪዝሊ ለማንሳት ቆማ ቀረች። ድቧ ወደ እሷ ሮጣ ሳትነካት ተመለሰች። ሴትዮዋ ግን በአራት ቀን እስራትና በገንዘብ ተቀጣች።

በዚህ ርቀት የግልገሉን ፊት የሚያቀርበው ከ400 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሆነ ቴሌፎቶ ሌንስ ነው። ሌንሱ ከባድ ስለሆነ በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ወይም የመኪና መስኮት ላይ በተቀመጠ ከረጢት ይደገፋል። ፀሐይ ሲከር ከመሬት የሚነሣው ሞቃት አየር ምስሉን ስለሚያደበዝዝ ማለዳና አመሻሽ ይመረጣሉ።

ድብ 399

ተመራማሪዎች 399 የሚል ቁጥር የሰጧት የግራንድ ቲተን ግሪዝሊ ምናልባት ከዱር ድቦች ሁሉ በፎቶ የታወቀችው ናት። ልጆቿን የምታሳድገው መንገድ ዳር ነበር፤ ግልገል የሚገድሉ ወንድ ድቦች ወደ መንገድ ስለማይደፍሩ እንደሆነ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2020፣ በ24 ዓመቷ፣ አራት ግልገሎች ይዛ ብቅ አለች። ከአራቱ አንዱ ከእናቱ ከተለየ በኋላ የሰው መኖሪያ አካባቢ ምግብ መፈለግ ስለለመደ በ2022 በባለሥልጣናት ተገደለ። እሷ ራሷ በጥቅምት 2024 መኪና ገጭቷት ሞተች።