ነፍሰ ጡር የምትወፍረው ሁልጊዜ ተመችቷት ነውን?



በአራዳ ጊዮርጊስ አጥቢያ ወይም በፒያሳ አንዲት ነፍሰ ጡር ፊቷ ሞልቶ፥ ጣቷም አብጦ ቀለበቷ አልገባ ሲል ያየ ዘመድ «እሰይ፥ ተመችቶሻል!» ይላታል። ቃሉ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ነገር ግን ያ ሙላት ከደም ግፊት ጋራ የመጣ እብጠት ሊሆን ይችላል። የእግር እብጠት በብዙ እርጉዞች ይታያል፤ በድንገት የሚመጣ የፊትና የእጅ እብጠት ግን ምርመራ ያሻዋል።

የዚህ ሕመም ክፋቱ ሳይሰማ መክረሙ ነው። የላይኛው ልክ 140 ወይም የታችኛው 90 ደርሶ ሳለ ባለቤቲቱ ያለ አንዳች ስሜት የቸርችልን ጎዳና ዳገት ወጥታ ማዘጋጃ ቤት ትደርሳለች። ግፊቱ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ሲነሣና በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ ወይም ኩላሊትና ጉበት ሲታወኩ፥ ሐኪሞች ፕሪኤክላምፕሲያ ይሉታል። የቀድሞ ሐኪሞች በደም ውስጥ መርዝ አለ ብለው ያምኑ ነበር። መርዙ ተፈልጎ አልተገኘም፤ ሆኖም የደም ሥሮቹ በሚገባ ያልሰፉለት የእንግዴ ልጅ የእናቲቱን ደም ሥሮች የሚያውክ ንጥረ ነገር እንደሚለቅ ታውቋል። ስለዚህ ፈጽመው ተሳስተው ነበር ለማለት ያስቸግራል።

ውፍረት ለዚህ በሽታ መንገድ ይጠርጋል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሴት ከማርገዟ በፊት 77 ኪሎ ብትመዝን ከከፍተኛ ውፍረት ወሰን ደርሳለች። ለእርሷ በእርግዝናው ዘመን ከ5 እስከ 9 ኪሎ መጨመር ይበቃታል፤ ለመክሳት ብላ ግን ከምግብ መከልከል የለባትም። ክንዷ ወፍራም ከሆነ በሰፊው መጠቅለያ ትለካ፤ ጠባቡ ግፊቱን አብልጦ ያሳያልና። አስቀድሞ ለተሠጋላት ሴት ሐኪም ከ12ኛው ሳምንት በኋላ አነስተኛ አስፒሪን ሊያዝላት ይችላል።

ብርቱ ራስ ምታት፥ የዐይን ብዥታ ወይም ከጎድን በታች የሚሰማ ሕመም ከታከለበት ማሳደር አይገባም፤ ቀጥሎ የሚመጣው መንዘፍዘፍ ነውና። «መንፈስ ነው» ብሎ ፀበል የሚያስቀድም ዛሬም አይጠፋም። በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶች ገብተውበት በ1994 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ግን ማግኒዥየም ሰልፌት የተባለው መድኃኒት ይህን አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለአራዳ ሰው የካቲት 12 እና ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታሎች ሩቅ አይደሉም።

እርስዎም ከቢሮ ሲመለሱ፥ ባለቤትዎ ለምርመራ ሄዳ እንደሆነ «ምን አሉሽ?» ብቻ አይበሉ፤ «ግፊትሽ ስንት ሆነ?» ብለው ቁጥሩን ይጠይቁ። ጥያቄው በልደቱ አይቁም፤ ሕመሙ ከወለደች በኋላም እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊነሣ ይችላል። ገንፎው ተበልቶ እንግዳው ከተመለሰ በኋላ አራሲቱ «ራሴን» ስትል፥ «ብርድ መትቷት ነው» ብሎ ጋቢ ከመደረብ በፊት ግፊቷ ይለካ።