አስምና አለርጂ ባለበት ቤት የውሻ ፀጉርና ብናኝን ማስወገድ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው የጁቤም ሆነ በቢቸናና በሞጣ ከተሞች ውሻ የቤት ጠባቂ ነው። በአካባቢው ልማድ የውሻ ቦታ ደጅ ቢሆንም፣ ብርድ ሲበረታ ወይም ክረምት ሲገባ ወደ ማዕድ ቤት መጠጋቱ፣ ቡችላ ሳለም ከልጆች ጋር በቤት ውስጥ ማደጉ እንግዳ ነገር አይደለም። ከቤተሰቡ መካከል አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ሲኖር ግን ይህ ቅርበት በጤና ላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

ብዙዎች የችግሩ ምንጭ ፀጉሩ እንደሆነ ያምናሉ። ይሁንና አለርጂን የሚቀሰቅሱት በውሻው ምራቅ፣ ሽንትና ከቆዳው በሚረግፈው ፎረፎር መሰል ብናኝ ውስጥ የሚገኙ ፕሮቲኖች ናቸው። ፀጉሩ በዋናነት የእነዚህ ነገሮች ተሸካሚ ነው። የብናኙ ከፊል ከ5 ማይክሮን ያነሰ በመሆኑ በዓይን አይታይም፤ በአየር ላይ ለሰዓታት ተንሳፎ ይቆያል፤ በአተነፋፈስም ወደ ሳንባ ይዘልቃል። በዚህም ምክንያት ወለሉ ላይ አንድም ፀጉር የማይታይበት ቤት ከብናኝ የጸዳ ነው ማለት አይቻልም።

ከዚህ በመነሳት ደረቅ ወለልን በመጥረጊያ መጥረግ የሚጠቅመውን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል መረዳት ይቻላል። መጥረጊያው ፀጉሩን ሰብስቦ ሲያወጣ፣ ረግቶ የነበረውን ብናኝ ደግሞ ወደ አየር ይበትነዋል። ስለሆነም በአፈር ወለል ላይ አስቀድሞ ውኃ ረጭቶ መጥረግ፣ የሲሚንቶ ወይም የፕላስቲክ ምንጣፍ ወለልን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይመረጣል። የአቧራ መምጠጫ ማሽን ያላቸው ቤተሰቦችም ማሽኑ ደቃቅ ብናኝን የሚይዝ ማጣሪያ ከሌለው የሳበውን መልሶ ሊተፋው እንደሚችል መገንዘብ ይኖርባቸዋል።

ማንኛውም እርምጃ ከመወሰዱ በፊት ግን መንስኤውን መለየት ይገባል። ማስነጠስ፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የዓይን ማሳከክ፣ ሌሊት የሚብስ ሳልና ሲተነፍሱ ሲር ሲር ማለት በአቧራ ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮች፣ በበረሮ ወይም በሻጋታም ሊመጡ ይችላሉ። የማገዶ ጭስና የዕጣን ጭስም አስምን ይቀሰቅሳሉ። በመሆኑም የቤቱን ሽታ ለመለወጥ ዕጣን ማጨስ ለታማሚው መፍትሔ ሳይሆን ተጨማሪ ችግር ይሆናል። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት የሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት፣ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው ነዋሪዎች ላይ በብዛት መታየቱ ተመልክቷል። ገጠሩ ከእንስሳት ጋር ይበልጥ ተቀራርቦ የሚኖር እንደመሆኑ፣ ይህ ውጤት ለሕመሙ ሁሉ እንስሳትን ተጠያቂ ማድረግ እንደማይገባ ያሳያል። ጥርጣሬውን የሚያጠራው በጤና ባለሙያ የሚደረግ ምርመራ፣ ካለም የቆዳ የአለርጂ ምርመራ ነው።

መንስኤው ውሻው መሆኑ ከተረጋገጠ የመጀመሪያው እርምጃ ምንጩን ከቤት ማራቅ ነው። ለውሻው ከዝናብና ከብርድ የሚከልል ማደሪያ በግቢ ውስጥ ማዘጋጀት፣ ይህ ካልተቻለም ቢያንስ ወደ መኝታ ክፍል እንዳይገባ መከልከል ያስፈልጋል። ሰው የቀኑን ሲሶ ያህል የሚያሳልፈው በመኝታው በመሆኑ የዚህ ክፍል ንጽሕና ቅድሚያ ይሰጠዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ብናኙ የሚከማችባቸውን ቦታዎች ማጽዳት ነው። በጭቃ የተለሰነ ግድግዳ ሸካራ በመሆኑ፣ ከጨርቅ ወይም ከማዳበሪያ ከረጢት የተሠራ ኮርኒስም አቧራ የሚይዝ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። ግድግዳውን በደንብ ለስኖ ኖራ መቀባት፣ ኮርኒሱን በየጊዜው አውርዶ ማጠብ ወይም መቀየር ይጠቅማል። አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ጋቢ በየሳምንቱ በሙቅ ውኃ ቢታጠቡ ይመረጣል። ቁርበት፣ ምንጣፍና ፍራሽ ከቤት ውጭ በፀሐይ ተሰጥተው መራገፍ ያለባቸው ሲሆን፣ ይህን ሥራ አለርጂ የሌለበት ሰው አፍንጫውንና አፉን ሸፍኖ ሊያከናውነው ይገባል። ብናኙ ውሻው ከወጣ በኋላም ለወራት ሊቆይ ስለሚችል ለውጡ በአንድ ሳምንት ካልታየ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

ውሻውን ማጠብም ብናኙን ይቀንሳል። ሆኖም በእንግሊዝ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ውጤቱ ዘላቂ እንዲሆን እጥበቱ በሳምንት ቢያንስ 2 ጊዜ መደጋገም አለበት። ውኃ ከሩቅ ተቀድቶ ለሚመጣበት ቤተሰብ ይህ ከባድ በመሆኑ፣ ውሻውን ከቤት ውጭ ማሳደር የተሻለ አማራጭ ነው። አለርጂ አያስከትሉም ተብለው የሚሸጡ የውሻ ዝርያዎችን በተመለከተም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 የታተሙ ጥናቶች ከሌሎቹ ያነሰ ብናኝ እንደሚተዉ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም።

ውሻውን አውጥቶ መንገድ ላይ መጣል ግን የአንድን ቤት ችግር ወደ ከተማው ማሻገር ነው። ባለቤት አልባ ውሾች የእብድ ውሻ በሽታን ለማዛመት ዋነኛ ምክንያት ናቸው። ውሻውን በቤት ማኖር የማይችል ቤተሰብ አስከትቦ ኃላፊነት ለሚወስድ ሰው ማስረከብ ይጠበቅበታል።

ጉዳዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል። ብናኙ በልብስ ላይ ተጣብቆ ስለሚጓዝ ውሻ ገብቶባቸው በማያውቁ ቢሮዎችና የመማሪያ ክፍሎችም ይገኛል። የቢሮ ጽዳት ሠራተኞች በእርጥብ ጨርቅ እንዲያጸዱ ማድረግ፣ መስኮቶችን መክፈትና የጨርቅ ወንበሮችን ማጽዳት ብዙ በጀት የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የሰውና የእንስሳት ማደሪያ እንዲለይ ሲያስተምር የቆየ በመሆኑ፣ የወረዳና የቀበሌ አመራሮች አለርጂንና አስምን ከዚሁ ትምህርት ጋር አያይዘው ማስገንዘብ ይችላሉ።

ጽዳት መድኃኒትን እንደማይተካ ግን ሊሰመርበት ይገባል። በሐኪም የታዘዘ የአስም መድኃኒት ቤቱ ጸድቷል ተብሎ መቋረጥ የለበትም። ታማሚው መናገር እስኪያቅተው ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሕፃን ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መካከል ወደ ውስጥ ከገባ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መወሰድ ይኖርበታል።