ትልቁን ቀንድ የሚያሳድገው ማን ነው?

አሮጌ የዐሥር ሳንቲም ገንዘብ ያገኘ ሰው ገልብጦ ቢመለከተው ቀንዱ የተጠማዘዘ አውሬ ተቀርጾበት ያያል። ይህ አውሬ የደጋ አጋዘን ይባላል። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ ዋናው መኖሪያውም የባሌና የአርሲ ደጋ ነው። የአደኑ ሥርዓት ለእኛ ለሰሃላ ልጆችም ትምህርት ስለሚሰጥ ጥቂት ላብራራ እወዳለሁ።

ቀንድ የሚያበቅለው ወንዱ ብቻ ነው። የአውሮፓ ዋላ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል፤ የእኛ አጋዘን ግን የበቀለለትን ይዞ እስከ ሞቱ ይኖራል። ስለዚህ ረጅም ቀንድ ሳይገደሉ የመኖር ምስክር ነው።

በባሌና በአርሲ እንደ ሙኔሳና ኦዶ ቡሉ ያሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች አሉ። በደቡብ አፍሪካ ባለ መሬቱ መሬቱን አጥሮ አውሬ ያረባል። በእኛ አገር ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ የአደን ድርጅት ቀበሌውን በውል ይይዛል እንጂ ባለቤት አይሆንም። የሚገደለው ቁጥር አስቀድሞ ይወሰናል፤ አዳኙም ፈቃድ አውጥቶ ለአንድ አጋዘን በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። ሙያተኛው መሪም አብሮት ሆኖ ያረጀውን ወንድ ለይቶ ያሳየዋል። አንድ ወንድ ለብዙ ሴቶች ስለሚበቃ አንድ ሽማግሌ ቢጐድል ሌላው ይተካዋል፤ ሴቲቱ ስትሞት ግን ወደፊት የምትወልዳቸው ሁሉ አብረው ይቀራሉ።

ይሁን እንጂ ይህም ሥርዓት ነቀፋ አያጣውም። በጫካ ውስጥ አውሬ መቍጠር አስቸጋሪ ነው፤ ቆጠራው ከተሳሳተ ኮታውም ይሳሳታል። ጫካው ለእርሻና ለማገዶ ከተመነጠረም ፈቃድ ብቻውን አውሬውን አያድነውም።

ከእኛ በስተምዕራብ ባለው በሰሜን ተራራ ደግሞ ሌላ መንገድ ተመርጧል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ የዋልያ መጠጊያ ሲሆን፣ በዚያ አደን ፈጽሞ ክልክል ነው። ቢሆንም የዋልያው ቍጥር ከቀነሰባቸው ምክንያቶች ጋር ተያይዞ እ.ኤ.አ. በ1996 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያም የወጣው በ2017 ነው። እንግዲህ የሚታደንበትም የማይታደንበትም ቦታ ጠባቂ ከሌለው አንድ ነው።

ይህን የምለው በራሴ ላይ ከደረሰው ተነሥቼ ነው። ልጅ ሳለሁ የአጎቴ ልጅ ከሸለቆው አንዲት ድኩላ ገድሎ አመጣ። ሲገፏት ከሆዷ ግልገል ወጣ። ትልልቆቹ ለአፍታ ዝም አሉ፤ ከዚያም ቢላዋው ሥራውን ቀጠለ። ሥጋውን እኔም በልቻለሁ። ማን ፈቀደልህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ ሸለቆው የሁሉም ነውና የማንም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሸለቆ ድኩላ አላየሁም።

በመንደራችን ከልቅ ግጦሽ የተከለለ ጋራ አለ። ከብቱን ያስገባ ሰው በሽማግሎች ይቀጣል፤ ሣሩም ሲደርስ ታጭዶ ለሁሉም ይከፋፈላል። ያለ ፈቃድ ማደንንም የአገሩ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 541/1999፣ ይከለክላል። ነገር ግን ከሩቅ ከተማ የወጣ ሕግ ሸለቆአችን ድረስ የሚደርሰው በእኛው እግር ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችንን አንድ ነገር እለምናለሁ። ለሣሩ ያወጣችሁትን ደንብ ለድኩላዋም አውጡላት። የኔ ታናናሾች ድኩላን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ እንዳያውቋት እፈራለሁ።